ዝገት፣ ጥገናና ስም

የታሪክ ተማሪዎች እንደ መሆናችን መጠን፣ ሰነድ ሲባል ወዲያው የሚታወሰን ብራና፣ ደብዳቤና የመንግሥት መዝገብ ነው። ብረትም ሰነድ ነው ብንል አንዳንድ ጓደኞቻችን ይስቁብን ይሆናል። ይሳቁ እንጂ! በዚህች አጭር ሐተታ ልናሳይ የተነሣነው ይህንኑ ነው። አንዲት ያረጀች መኪና የት የት ላይ እንደ ዛገች፣ የትኛው ዕቃዋ እንዳለቀ፣ ማንስ እንደ ጠገናት የመረመረ ሰው፣ የሠራትን ፋብሪካ፣ የገዛትን ኅብረተሰብና ያቆያትን እጅ አብሮ ይመረምራል። ከዚያ በኋላ ከባዱ ጥያቄ ይመጣል፤ ብረቷ ተቆርጦ፣ ዕቃዋ ተለውጦ ሲያበቃ ያችው መኪና ናት ወይስ ሌላ? ይህ የሥራ ፈት ክርክር እንዳይመስላችሁ። ወደ ታች እንደምናየው፣ 10 ሚሊዮን ፓውንድ የተንጠለጠለበት የፍርድ ቤት ጉዳይ ሆኖ ያውቃል።

ለምሳሌ የመረጥናት ኤም ጂ ቢ የምትባለውን የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ለምን እሷን? የከበርቴው መኪና የራሱ ታሪክ ጸሐፊ አለው፤ ሙዚየምም አለው፤ ባለሟልም አለው። ኤም ጂ ቢ ግን ደመወዝተኛው ቆጥቦ ሊገዛት የሚችል ስፖርት መኪና ነበረች። ስታረጅም ብዙ ጊዜ የጠገናት ባለቤቷ ራሱ ነው፤ በቅዳሜና እሑድ፣ በጓሮ፣ እጁ በግራሶ ጠቁሮ።

ኤም ጂ የሚሉት ሁለቱ ፊደላት የመጡት «ሞሪስ ጋራዥስ» ከሚለው፣ በኦክስፎርድ ከተማ ከነበረ የመኪና መሸጫና መጠገኛ ቤት ስም ነው። ልብ በሉ፤ ስሟ ራሱ ከጋራዥ የተወለደ ነው። በ1929 ሥራው ወደ አቢንግደን ከተማ ተዛወረ፤ ኤም ጂ ቢም በ1962 ለገበያ ቀረበች። ባለ 1798 ሲሲ ሞተሯ ለስፖርት ተብሎ ለብቻው የተፈጠረ አልነበረም፤ ከእናት ኩባንያው የቤተሰብ መኪናዎች ሞተር ጋር አንድ ዘር ነው። ዋጋዋ እንዳይንር ያደረገው አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር። በ18 ዓመት ጊዜ ውስጥ ከ500 ሺህ በላይ ተሠርታለች፤ አብዛኞቹም ባሕር ተሻግረው አሜሪካ ገቡ።

አሁን ወደ ብረቷ እንምጣ። ከእሷ በፊት የነበረችው ኤም ጂ ኤ ራሱን የቻለ ሻንሲ ነበራት፤ አካሏ ከላይ የተጫነ ልብስ ማለት ነው። ኤም ጂ ቢ ግን ሻንሲ የላትም። ላሜራው ራሱ ታጥፎ፣ ተደራርቦና ተበይዶ ሸክሙን ይሸከማል። ክብደቷን ቀነሰላት፤ ውስጧንም ሰፋ አደረገላት። ታዲያ ጣራ የሌላት ክፍት መኪና ስትሆን ጥንካሬዋ ከየት ይመጣል? መልሱ ከበሮቿ ሥር ነው። በግራና በቀኝ፣ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ የሚሄድ ሣጥን መሰል ብረት አለ። ከውጭ አንድ ላሜራ፣ ከውስጥ አንድ፣ በመካከላቸው ደግሞ ቆሞ የሚከፍላቸው ሌላ ላሜራ አለ፤ ከሥር የሚደግፋቸውም እንዲሁ። ላየው ሰው የበር መርገጫ ይመስላል እንጂ የመኪናዋ የጀርባ አጥንት ነው። መኪናዋ የምትሰበረው እዚያ ስትዛግ ነው።

ዝገት ምንድን ነው? ብረት በተፈጥሮው ከመሬት ሲወጣ ከኦክሲጅን ጋር ተጣብቆ ነው የሚገኘው። ሰው በእቶን እሳት አለያይቶ ንጹሕ ብረት ያደርገዋል። ብረት ግን የጥንቱን አይረሳም፤ ውሃና አየር ሲያገኝ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ጨው ከተጨመረበት ደግሞ ነገሩ ይፋጠናል፤ ጨዋማ ውሃ ኤሌክትሪክን በደንብ ስለሚያስተላልፍ በብረቱ ላይ የሚካሄደውን የኬሚካል ሥራ ያቀላጥፈዋል። በእንግሊዝ አገር በክረምት በረዶው እንዲቀልጥ መንገድ ላይ ጨው ይበተናል። ጎማው ያንን ጨውና ጭቃ ከሥር እየረጨ ወደ ላይ ይልከዋል። የዛገው ነገር ከተበላው ብረት ይልቅ እጅግ ብዙ ቦታ ስለሚይዝ፣ በተደራረበ ላሜራ መካከል ከገባ እንደ ሽብልቅ ይሠራል፤ ላሜራውን እያሳበጠ፣ ብየዳውን እየፈለቀቀ ለሌላ ውሃ በር ይከፍታል። ቀለሙ ላይ አንዲት ትንሽ እብጠት በምትታይበት ጊዜ ውስጡ ብዙውን ጊዜ አልቋል። ምስጥ የበላውን ምሰሶ አይታችኋል አይደል? እንደዚያ ነው።

ኤም ጂ ቢ የት የት ትዛጋለች ብለን ብንጠይቅ ነገሩ በዘፈቀደ አይደለም። የፊት ፓራፋንጎዋ ሥር፣ ከጎማው በስተኋላ፣ ጭቃ የሚከማችበት ኪስ አለ፤ እዚያ ትዛጋለች። ከመቀመጫው በስተኋላ ወለሉ ውስጥ ባትሪ የሚቀመጥባቸው ሣጥኖች አሉ፤ አሲዱም ውሃውም እዚያ ይንጠባጠባል፤ እዚያም ትዛጋለች። ከሁሉ በላይ ደግሞ ያ የበር ሥር ሣጥን አለ። ውሃ እንዲወጣበት የተተዉት ቀዳዳዎች በጭቃ ሲደፈኑ፣ ሣጥኑ ውሃ የሚያቁር ገንዳ ይሆናል። እንግዲህ ዝገት ካርታ ነው ማለት ነው። መሐንዲሱ ያላሰበበትን፣ ወይም አስቦበት በዋጋ ምክንያት የተወውን ቦታ አንድ በአንድ እየጠቆመ ያሳየናል።

«በጊዜው ዕውቀቱ ስላልነበረ ነው» የሚል ሊኖር ይችላል። ሙሉ መልስ አይሆንም። የጀርመኑ ፖርሽ ኩባንያ ከ1976 ሞዴል ጀምሮ የ911 መኪናውን አካል ዚንክ በተቀባ ላሜራ እየሠራ፣ ለዝገት የ6 ዓመት ዋስትና መስጠት ጀምሮ ነበር። በእነዚያው ዓመታት ከአቢንግደን የምትወጣው ኤም ጂ ቢ ግን ከተራ ላሜራ የተሠራች ነበረች። ልዩነቱ የዕውቀት ብቻ ሳይሆን የዋጋና የገበያ ነው፤ የፖርሽ ገዥ ለዚንኩ መክፈል ይችላል። ኤም ጂ ቢን የሚሠራው ድርጅት ደግሞ በ1968 በተደረገ ውሕደት ብሪቲሽ ሌይላንድ የተባለው ግዙፍ ኩባንያ አካል ሆኖ፣ ኩባንያውም በኪሳራ ተዘፍቆ በ1975 በመንግሥት እጅ ገባ። አዲስ ሞዴል ለመሥራት ገንዘብ የለም፤ የአሜሪካን የአደጋ መከላከያ ሕግ ለማሟላት ብቻ ከ1974 መጨረሻ ጀምሮ አብረቅራቂው የፊትና የኋላ መከላከያዋ በወፍራም ጥቁር ጎማ ተተካ፤ ቁመቷም ከመሬት ከፍ ተደረገ። ይህንን ሁሉ መኪናዋ በአካሏ ላይ ተሸክማ ትዞራለች። የኩባንያው የሒሳብ መዝገብ የሚናገረውን ላሜራውም ይናገራል።

የመጨረሻውም ክፉ አጋጣሚ ነበር። በመስከረም 1979 የአቢንግደን ከተማ የፋብሪካውን 50ኛ ዓመት አከበረ። ሰልፉና ደስታው ገና ሳይበርድ፣ መስከረም 10 ቀን ሰኞ ኩባንያው ኤም ጂ ከአቢንግደን እንደሚቀር አስታወቀ። የመጨረሻዎቹ ኤም ጂ ቢዎች በጥቅምት 1980 ተሠርተው ፋብሪካው ተዘጋ። ወዛደሩ ተበተነ። መኪናዎቹ ግን በየአገሩ መንገድ ላይ ቀሩ፤ ዝገትም ሥራውን አላቋረጠም።

እንግዲህ ታሪኩ እዚህ ላይ ከፋብሪካ ወጥቶ ጋራዥ ይገባል። የበር ሥር ሣጥን እንዴት እንደሚጠገን እንይ። መጀመሪያ ጠጋኙ በካቻቢቴ ጫፍ እየወጋ ጤናማውን ከበሰበሰው ይለያል። ቀጥሎ አስተዋይነት የሚጠይቀው ነገር ይመጣል። ሣጥኑን ዝም ብሎ ከቆረጠው፣ መኪናዋ መሐል ወገቧ ላይ ትጎብጣለች፤ ከዚያ በሯ አይገጥምም። በጎበጠችበት አዲስ ብረት ከተበየደባት ደግሞ እንደ ጎበጠች ትቀራለች። ስለዚህ ብልኅ ጠጋኝ ከመቁረጡ በፊት ሞተሩን ያወርዳል ወይም ክብደቱ በትክክል እንዲያርፍ ያደርጋል፤ በበሩ ክፍት ላይ ከፊት ወደ ኋላ ብረት ማገር ይበይዳል፤ አንዱን ጎን ሳይጨርስ ሌላውን አይነካም። በየደረጃው በሩን እየመለሰ ይገጥምና ክፍተቱን ይለካል። ጤናማ ብረት እስኪያገኝ ድረስ ይቆርጣል፤ ውስጠኛውን፣ መካከለኛውንና ውጨኛውን በተራ ይበይዳል፤ በመጨረሻም በሣጥኑ ውስጥ ውሃ የማያስገባ ሰም ይረጫል። የፊት ፓራፋንጎዋ በቡሎን ስለተያዘ ተፈትቶ ይወርዳል፤ የኋላው ግን የተበየደ ነው።

ሰነፉ ጠጋኝስ ምን ያደርጋል? የበሰበሰውን ሳይቆርጥ በላዩ አዲስ ላሜራ ይለጥፋል፤ ቀዳዳውን በስቱኮ ይሞላና ቀለም ይቀባል። ለአንድ ዓመት ታምራለች። ከውስጥ ግን ውሃው ተዘግቶበት ዝገቱ የባሰ ይበላል። ስቱኮ የቀባ ሰው ታሪክ አበላሸ ብንል ማጋነን አይሆንም፤ የሐሰት ሰነድ ጻፈ እኮ! ከእሱ በኋላ መኪናዋን የሚገዛ ሰው በፍሬን ጊዜ ሕይወቱን የሚያስይዘው በዚያ ሐሰት ላይ ነው። በእንግሊዝ በየዓመቱ የሚደረገው የመኪና ምርመራ፣ የመቀመጫ ቀበቶና ሌሎች ዋና ዋና ዕቃዎች ከታሰሩበት በ30 ሳንቲሜትር ክልል ውስጥ ያለውን የበሰበሰ ብረት አጥብቆ የሚፈትሸው ያለ ምክንያት አይደለም።

ከዝገት ሌላ የዕቃ ማለቅ አለ። ሁለቱን መለየት ይጠቅማል። ዝገት የመቆም በሽታ ነው፤ ማለቅ ግን የመሥራት ውጤት ነው። የኤም ጂ ቢ የፊት ጎማ የሚዞርበት ዘንግ በየጊዜው ግራሶ ካልጠጣ ቦኮላው ይበላል፤ መሪው ይከብዳል፤ ጎማውም ይወላገዳል። በካርቡራተሩ ውስጥ የአየር መክፈቻው የሚዞርበት ቀጭን ዘንግ በሺህ ጊዜ መመላለስ ይሞረዳል፤ በክፍተቱ ያልተፈለገ አየር እየገባ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ይንተባተባል። ባለ ራጅ ቸርኬ ከሆነች ደግሞ ቸርኬው መሐሉ ላይ የሚይዘው ጥርስ እየተሳለ ሄዶ፣ ሹፌሩ ሲነሣና ፍሬን ሲይዝ «ቋ» የሚል ድምፅ ያሰማል። ያለቀ ዕቃ የሹፌሩን ጠባይ ይመሰክራል። «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» ያሉት አባቶቻችን መኪና ነድተው አያውቁም፤ ነገር ግን ነገሩን አግኝተውታል።

እዚህ ላይ አንድ የቋንቋ ነገር እናንሣ። ይህን ሁሉ ስለ እንግሊዝ መኪና ስንጽፍ የተጠቀምንባቸውን ቃላት ልብ ብላችኋል? ላሜራ፣ ካቻቢቴ፣ ቡሎን፣ ቦኮላ፣ ፓራፋንጎ፣ ቸርኬ፣ ስቱኮ፤ ሁሉም የጣሊያን ናቸው። ላሜራ ቀጥቃጩንም ባትላሜራ እንለዋለን። ጣሊያን አገራችንን ወርሮ የቆየው ከ1936 እስከ 1941 ነበር፤ ወራሪው ተባርሮ ሲሄድ ቃላቱ ግን በጋራዡ ውስጥ ቀሩ። የእኛ ሠራተኛ የወራሪውን መዶሻ ነጥቆ የራሱ እንዳደረገው፣ ቃሉንም ወስዶ አማርኛ አድርጎታል። ዛሬ «ካምቢዮ» የሚል ልጅ ጣሊያንኛ እየተናገረ አይመስለውም፤ እውነቱን ነው፣ አይደለምም። ባዕድ የነበረው ነገር በሥራ ብዛት የራስ ይሆናል ማለት ነው። ይህን ነጥብ ያዙልን፤ ለመደምደሚያችን ያገለግለናል።

ወደ ኤም ጂ ቢ እንመለስ። ፋብሪካው ከተዘጋ ከ8 ዓመት በኋላ ያልተጠበቀ ነገር ሆነ። ብሪቲሽ ሞተር ሄሪቴጅ የተባለ ድርጅት፣ ላሜራውን በፕሬስ የሚቀርጹትን የጥንት ቅርጽ ማውጫዎች ከተበተኑበት አፈላልጎ፣ በ1988 የኤም ጂ ቢን ሙሉ አካል እንደገና አዲስ ሠርቶ ለሽያጭ አቀረበ። መኪናዋ ከሌለች 8 ዓመቷ፣ አካሏ ግን አዲስ! የበሰበሰ መኪና ያለው ሰው ሞተሩን፣ ካምቢዮውን፣ መሪውን፣ መቀመጫውን ነቅሎ አዲሱ አካል ላይ መግጠም ቻለ። እንዲያውም ነገሩ ገበያ እንዳለው የታየው ኩባንያ፣ በዚሁ አካል ላይ ተመሥርቶ በ1992 አርቪ8 የምትባል መኪና አውጥቶ ወደ 2 ሺህ የሚጠጉ ሠራ፤ አብዛኞቹም ጃፓን ሄዱ። ጠጋኞቹ ያቆዩትን ስም ፋብሪካው መልሶ ተዋሰው እንጂ ሌላ ምን ይባላል?

አሁን ያ ከባድ ጥያቄ መጣ። ከ1988 በተገኘ ላሜራ ላይ የ1965 ሞተር የተገጠመባት መኪና የ1965 ናት ወይስ የ1988? ጥያቄው በታወቀ መልክ ፍርድ ቤት የቀረበው በሌላ መኪና ስም ነው፤ «አሮጌው ቁጥር አንድ» በምትባለው ቤንትሊ። ይህች መኪና በ1929 እና በ1930 የለማን የ24 ሰዓት እሽቅድምድም ያሸነፈች ናት፤ ሁለቱንም ጊዜ ከነጂዎቿ አንዱ ዉልፍ ባርናቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ባለ 8 ሊትር ሞተር ገባላት። በ1932 በብሩክላንድስ ሜዳ ክላይቭ ደንፊ ሲነዳት ከመንገዱ ዳር ጫፍ ወጥታ ወደቀች፤ እሱም ሞተ። ቀጥሎ እንደገና ተጠግና ጣራ ያላት የመንገድ መኪና ሆነች። እንዲህ እየተለዋወጠች ዘመናት አለፉ።

በ1990 ባለቤቷ በ10 ሚሊዮን ፓውንድ ሊሸጣት ተዋዋለ። ገዢው ኩባንያ ግን «ይህች ያችው መኪና አይደለችም» ብሎ አፈገፈገ፤ ጉዳዩም ለንደን ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደረሰ። ምርመራው እንዳሳየው ከ1930ዋ አሸናፊ መኪና የቀሩት እንደ ካምቢዮ ካሳና የመሪ ዘንግ ያሉ ጥቂት ዕቃዎች ብቻ ነበሩ፤ ከ1929ኙማ ይኸ ነው የሚባል የለም። ዳኛው ኦተን እንዲህ ሲሉ ፈረዱ፤ መኪናዋ እንደ ተወለደች አለች ማለት አይቻልም። ሆኖም በየትኛውም ጊዜ ተበትና ጠፍታ አታውቅም፤ ዛሬ አንዱ ነገ ሌላው ዕቃዋ እየተለወጠ፣ ታሪኳ ሳይበጠስ እዚህ ደርሳለች፤ በዚያ ስም ልትጠራ የምትችል ሌላ መኪናም በዓለም ላይ የለችም። ስለዚህ እሷው ናት። ገዢው ተሸነፈ።

ይህን ፍርድ ደጋግመን ስናስብበት የታሪክ ትምህርት ሆኖ እናገኘዋለን። ስምን ያቆየው ብረቱ አይደለም፤ ያልተቋረጠው የሥራ ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱን የሠሩት ደግሞ ዋንጫ ያነሡት ነጂዎች ብቻ አይደሉም፤ በየጊዜው ከሥሯ ተኝተው የፈቱና የገጠሙ ሠራተኞችም ናቸው። የአሸናፊው ስም ሐውልት ላይ ይጻፋል፤ የጠጋኙ ስም ግን ደረሰኝ ላይ፣ ያም ካልተጣለ። በ1990 በዚያ ችሎት ላይ ብረቱ ብቻውን መልስ መስጠት አልቻለም። ማን፣ መቼ፣ የትኛውን ዕቃ ለወጠ የሚለው ማስረጃ ነው የዳኘው። የእንግሊዝ መንግሥትም በ2018 ከ40 ዓመት በላይ የሆናቸውን መኪናዎች ከዓመታዊው ምርመራ ነፃ ሲያወጣ፣ ባለፉት 30 ዓመታት በመሠረቱ አለመለወጣቸውን ባለቤቱ እንዲያረጋግጥ ጠይቋል። ሕጉም ጥያቄውን ማምለጥ አልቻለም ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ የምንወስደው ምንድን ነው? «ጥንታዊ ነገር አትንኩት፣ እንዳለ ይቀመጥ» የሚሉ አሉ። ያልተነካች ኤም ጂ ቢ በመጋዘን ውስጥ ቆማ የበር ሥር ሣጥኗ ዱቄት ይሆናል፤ አለመንካትም አንድ የማጥፊያ መንገድ ነው። «ከስሟ በቀር ሁሉን አዲስ አድርገን እናብለጭልጫት» የሚሉም አሉ። እነሱም ሰንሰለቱን በጥሰው ሌላ ነገር ያመጡና በጥንቱ ስም ይነግዱበታል። ትክክለኛው መንገድ በሁለቱ መካከል ያለው፣ የጥሩ ጠጋኝ መንገድ ነው። የበሰበሰውን ያለ ርኅራኄ ይቆርጣል፤ ጤናማውን ግን አንድ ጣት እንኳ አያባክንም። ከመቁረጡ በፊት ማገር ያስራል። የለወጠውንም ጽፎ ያስቀምጣል።

የአያቶቻችን ቤት፣ የቤተ ክርስቲያን ጣራ፣ የመስጊድ ግድግዳ፣ የብራና መጽሐፍ ጥራዝ፣ ሌላው ቀርቶ ቋንቋችን፣ ሁሉም የተጠገኑ ነገሮች ናቸው። እጅ ሳይነካው እዚህ የደረሰ ቅርስ ጥቂት ነው። ስለዚህ ጓደኞቻችን፣ ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ርእስ ስትፈልጉ የነገሥታቱን ዜና መዋዕል ብቻ አታገላብጡ። ወደ አንዱ ጋራዥ ግቡና ሽማግሌውን ባትላሜራ «ጋሼ፣ ይህን ማን ሠራው? እርስዎስ ከማን ተማሩት?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ጻፉት። እሳቸው ካለፉ በኋላ ብረቱ ብቻውን አይናገርም።